የመጀመሪያው ዶዝ አይቀነስም፦ «አንድ ሠንጠረዥ ለሁሉም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«አንድ ሠንጠረዥ ለሁሉም» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ በጎጃም ሆስፒታሎች በምንሠራ ባለሙያዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ ተኝተው ለሚታከሙ ሰዎች የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ እንደ ታካሚው ክብደትና ኩላሊት ይለያይ የሚለውን ሐሳብ ይቃወማል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ለአዋቂ ሁሉ አንድ መጠን ቢታዘዝ ስሕተት ይቀንሳል፤ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) ከፍ ያለ ታካሚ ከመጀመሪያዋ መርፌ ጀምሮ በግማሽ ይታዘዝለት፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ስንት እንደደረሰ መለካት ካልቻልን መጠን ማስተካከል ትርጉም የለውም፤ በዝግታ መስጠት ፓምፕ (መድኃኒትን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ደም ሥር የሚያስገባ መሣሪያ) ላላቸው ሆስፒታሎች ነው፤ ሕክምናው በረዘመ ቁጥር ተሕዋሱ መድኃኒቱን አይላመድም። ይህን ምላሽ የምንጽፈው ክሊኒካል ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች ነን። ከአምስቱ ነጥቦች የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ሁለተኛው ግን ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ትተን ከእሱ እንጀምራለን።

ጽሑፉ «ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ ከመጀመሪያው በግማሽ ይጀመርለት» ሲል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ያደባልቃል። የመጀመሪያው ዶዝ በደም ውስጥ የሚደርስበትን ከፍታ የሚወስነው መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚሰራጭበት ስፋት ነው። ኩላሊት የሚወስነው ከዚያ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ነው። ጋን ለመሙላት ስንት እንስራ ውሃ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው በጋኑ ስፋት እንጂ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ ጥበት አይደለም። በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲጎዳ) የተያዘ ሰው የደም ሥሮቹ ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ እኛም ሊትር በሊትር ፈሳሽ እንሰጠዋለን። ስለዚህ እንደ ጀንታማይሲን፣ ቫንኮማይሲንና ሜሮፔኔም ያሉ በውሃ የሚሟሙ መድኃኒቶች የሚሰራጩበት ስፋት ከጤነኛ ሰው ይበልጣል። መጨመር ሲገባ ከተቀነሰ፣ ሞትና ሕይወት በሚለዩባቸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መድኃኒቱ ተሕዋሱን ከሚገድለው መጠን በታች ሆኖ ይቆያል።

በቁጥር እንየው። የ60 ዓመት ሰው 48 ኪሎ ይመዝናል፤ ትኩሳት ይዞት ቀናት ሳይበላና በቂ ውሃ ሳይጠጣ ቆይቶ ሲመጣ ክሬቲኒኑ በዴሲ ሊትር 2.4 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። ከ1976 ጀምሮ የምንሠራበት የኮክክሮፍትና ጎልት ቀመር፣ ኩላሊት ደምን በምን ፍጥነት እንደሚያጣራ የሚገምተው፣ እንዲህ ይላል፦ ከ140 ላይ ዕድሜውን ቀንስ፣ በክብደቱ አባዛ፣ ከዚያ 72ን በክሬቲኒኑ አባዝተህ ለዚያ አካፍል፤ ለሴት ውጤቱን በ0.85 አባዛ። የዚህ ሰው ውጤት በደቂቃ 22 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚሄድ ሰው ሜሮፔኔምን በየ12 ሰዓቱ 500 ሚሊ ግራም ያዝለታል፤ በቀን 1 ግራም መሆኑ ነው። ሙሉው መጠን ግን በየ8 ሰዓቱ 1 ግራም፣ በቀን 3 ግራም ነው። ሰውየው ፈሳሽ አግኝቶ በማግስቱ ክሬቲኒኑ 1.1 ቢሆን ያው ቀመር ከ48 በላይ ይሰጣል። ኩላሊቱ ደርቆ ነበር እንጂ አልሞተም። በጣም በታመመበት ቀን የሚገባውን ሲሶ ብቻ አግኝቶ ዋለ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ሆስፒታል ሲገቡ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ከተገኘባቸው የኢንፌክሽን ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ እንደሚያገግሙ በ2019 በወጣ ጥናት ታይቷል። በእኛ አገር ታካሚው ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ፣ አንዳንዴም ጠበል ቦታ ሰንብቶ፣ ሰውነቱ ደርቆ ነው የሚደርሰው። ክሬቲኒኑን ያወጣው የውሃ እጥረት የመሆኑ ዕድል እዚህ የጎላ ነው። ቀመሩም የተሠራው ክሬቲኒኑ ባለበት ለረጋ ሰው ነው፤ በየሰዓቱ በሚለዋወጥበት ታካሚ ላይ ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል።

ስለዚህ የሆስፒታሎቻችን የአንቲባዮቲክ መመሪያ ሊል የሚገባው ይህን ነው፦ ሴፕሲስ ላለበት ሰው የፔኒሲሊን፣ የሴፋሎስፖሪንና የሜሮፔኔም ወገን መድኃኒቶች የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት በሙሉ መጠን ይሰጡ፤ ክሬቲኒን በ24 እና በ48 ሰዓት ይደገም፤ ኩላሊቱ ካላገገመ በዚያ ጊዜ ይቀነስ። አስቀድሞ የታወቀ የቆየ የኩላሊት በሽታ ያለበት ወይም ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ላይ ያለ ሰው ግን ከዚህ ውጪ ነው፤ እሱ የመጀመሪያውን ዶዝ ሙሉ ይወስድና ተከታዮቹ ይቀነሱለታል። ሴፈፒም በተለይ በደከመ ኩላሊት ሲጠራቀም መዘባረቅና የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ስለሚያመጣ ክትትል ይሻል። ሴፍትሪያክሶን በኩላሊት ብቻ ሳይሆን በሐሞትም ስለሚወጣ፣ ለተለመደው መጠን ምንም መቀነስ አያስፈልገውም። ጽሑፉ እሱንም «በግማሽ» ከሚባሉት ውስጥ መደመሩ ያሳዝናል፤ በብዛት የምናዝዘው መድኃኒት እሱ ነውና።

አሁን ወደ ጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ። ሠንጠረዣቸው ጀንታማይሲን 80 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቫንኮማይሲን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይላል። ለማስታወስ ይቀላል፤ ይህን አንክድም።

ጀንታማይሲን ተሕዋስ የሚገድለው በሚደርስበት ከፍታ ነው፤ ከፍታው ተሕዋሱን ከሚያስቆመው ዝቅተኛ መጠን ከ8 እስከ 10 እጥፍ ቢደርስ ይመረጣል። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው 80 ሚሊ ግራም ቢወጋ ከፍታው በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 6 ሚሊ ግራም ያህል ነው። 250 ሚሊ ግራም ባንድ ጊዜ ቢሰጠው ግን ከ17 እስከ 20 ይደርሳል። የሚያስቆመው መጠን 2 ለሆነ ኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) የመጀመሪያው አይበቃም፤ ሁለተኛው ይበቃል። የቀኑ ድምር ግን በሁለቱም አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 240 እና 250። ሌላም አለ፦ የኩላሊትና የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት መድኃኒቱን የሚስቡበት አቅም ወሰን ስላለው፣ በቀን ሦስቴ ያለማቋረጥ ከመንጠባጠብ ይልቅ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወርዶ ዕረፍት መስጠቱ ጉዳቱን ይቀንሳል። የሦስት ጊዜው ልማድ በሁለቱም ወገን ያከስራል፤ ለነርሷም ከአንድ መርፌ ይልቅ ሦስት መርፌ ነው።

ጸሐፊው «በኪሎ ማስላት ስሕተት ይወልዳል» ሲሉ ግን እውነት አላቸው። ሌሊት፣ አንድ ተረኛ ነርስ፣ ሙሉ ዋርድ። በዚያ ሰዓት ማባዛት የሚጠይቅ መመሪያ ክፉ መመሪያ ነው። መፍትሔው ግን ክብደትን መርሳት ሳይሆን ስሌቱን ቀድሞ ጨርሶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። አምፑሉ 2 ሚሊ ሊትር፣ 80 ሚሊ ግራም ነው። ከ35 እስከ 44 ኪሎ፦ 240 ሚሊ ግራም፣ 3 አምፑል። ከ45 እስከ 54፦ 280፣ 3 አምፑል ተኩል። ከ55 እስከ 64፦ 320፣ 4 አምፑል። ከ65 እስከ 75፦ 400፣ 5 አምፑል። ሁሉም በኪሎ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ግራም ባለው ወሰን ውስጥ ይወድቃሉ። በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተበጥብጦ በ30 ደቂቃ ይገባል። ኩላሊት ሲደክም የሚለወጠው መጠኑ ሳይሆን ርቀቱ ነው፦ በቀመሩ 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ በየ24 ሰዓቱ፣ ከ40 እስከ 59 በየ36፣ ከ20 እስከ 39 በየ48፤ ከ20 በታች ከሆነ አንድ ዶዝ ሰጥቶ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ነው። ከ7 ቀን በላይ መቀጠል፣ በተለይ ሽንት ከሚያበዛው ፉሮሰማይድ ጋር፣ ጆሮን ያሰጋል።

ሕፃናትን በተመለከተ ጸሐፊው ዝም ብለዋል፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው ግን እዚያ ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን የመጀመሪያ ሳምንቱ ጨቅላ በኪሎ 5፣ በጠቅላላው 15 ሚሊ ግራም ጀንታማይሲን ያስፈልገዋል። ከአምፑሉ በቀጥታ ሲቀዳ 0.375 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሲሪንጅ ላይ ነጥቧን አንድ ቦታ ማሳሳት አሥር እጥፍ ያሳስታል። 2 ሚሊ ሊትሩን ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ 8 ሚሊ ሊትር አድርሱት፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ 1.5 ይቀዳል። የ500 ሚሊ ግራም አምፒሲሊን ቫያል ደግሞ 2.1 ሚሊ ሊትር ሲጨመርበት ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ 2.5 ይሆናል። 2.5 የጨመረ ሰው 2.9 አግኝቶ ሳያውቀው ከእያንዳንዱ ዶዝ ሰባተኛውን ያህል ይቀንሳል። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ሲሪንጅ ማደባለቅም አይገባም፤ አምፒሲሊን ጀንታማይሲንን ያመክነዋል።

ክብደት ከየት ይመጣል? ሕፃን ከሆነ እናቱ ይዛው ትመዘን፣ ከዚያ ብቻዋን፤ ልዩነቱ የልጁ ነው። መቆም የማይችል አዋቂ በግምት ይጀመርለት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ይመዘን፤ ክብደቱ አስቀድሞ ተመዝኖ የተጻፈበት ቃሬዛ ከወለል ሚዛን ጋር ይህን ይፈታል። ካርዱ ላይ «ግምት» ወይም «ተመዝኗል» ተብሎ ይለይ።

«የደም ውስጥ መጠኑን ካልለካን ማስተካከሉ ከንቱ ነው» የሚለው ክርክር ተስፋ ከመቁረጥ የመጣ ይመስለናል፤ ለምን እንደሆነም ይገባናል። ሆኖም ከታች ወደ ላይ የተገለበጠ ነው። መለኪያ ያለው ሆስፒታል በግምት ጀምሮ በነጋታው ሊያርም ይችላል። መለኪያ የሌለው ግን የመጀመሪያው ግምቱ ትክክለኛ መሆን አለበት።

ቫንኮማይሲንን እንውሰድ። በ2020 የወጣው የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት የጋራ መመሪያ ስታፍ የተባለው ባክቴሪያ ለሚያመጣው ከባድ ኢንፌክሽን የሚያነጣጥረው በ24 ሰዓት ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ተጋላጭነት (በደም ውስጥ ያለው መጠን በሰዓት ተባዝቶ ሲደመር) ከ400 እስከ 600 ውስጥ ማቆየት ነው፤ የቀድሞው «ከዶዝ በፊት በደም ውስጥ ከ15 እስከ 20 ይሁን» የሚለው ዒላማ ቀርቷል። የጸሐፊውን «1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ» ለሁለት ሰዎች እንስጥ። አንዱ ከላይ ያየነው፣ ክሬቲኒኑ 1.1 ላይ የረጋው የ60 ዓመት ሰው ነው። ኩላሊቱ ቫንኮማይሲንን በሚያስወጣበት ፍጥነት ሲሰላ ተጋላጭነቱ ወደ 900 ይጠጋል፤ ኩላሊቱን ዳግም የሚያቆስል ነው። ሌላው በመኪና አደጋ የቆሰለ፣ የ25 ዓመት፣ 60 ኪሎ፣ ክሬቲኒኑ 0.6 የሆነ ወጣት ነው። ቀመሩ 160 ይሰጣል፤ እንዲህ ያለው ኩላሊት መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ ይወረውራል፤ ተጋላጭነቱ 300 አይሞላም። አንድ ትዕዛዝ አንዱን መርዟል፣ ሌላውን ሳያክም ትቷል። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው ሚዛን፣ አንድ የክሬቲኒን ምርመራና የስልክ ካልኩሌተር ነው።

በእኛ ሐሳብ የመመሪያው የቫንኮማይሲን ገጽ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ በኪሎ 25 ሚሊ ግራም፣ ኩላሊቱ ምንም ቢሆን፤ ከ3 ግራም አይበልጥም። ከዚያ ኩላሊቱ ደኅና ለሆነ በኪሎ ከ15 እስከ 20 በየ12 ሰዓቱ፣ ለወጣቱ ዓይነት በየ8፣ ለደከመው በየ24። ክሬቲኒን በየ2 ቀኑ ይታይ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ከጨመረ ወይም ከመነሻው አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ የሚቀጥለው ዶዝ ሐኪም ሳያየው አይሰጥ። የሽንት መጠን በየፈረቃው ይጻፍ፤ ክሬቲኒን ከመጨመሩ በፊት የሚናገረው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ከመተማ በረሃ ካላዛር ይዞት የተመለሰ የቀን ሠራተኛ ወይም ለወራት የታመመ ሰው ጡንቻው አልቆ ክሬቲኒኑ 0.4 ሊሆን ይችላል። ይህ የጥሩ ኩላሊት ምልክት ሳይሆን የጡንቻ ማነስ ነው፤ ቀመሩ ከእውነተኛው በላይ ይሰጣል። ይህን ሰው ከላይ ካየነው ወጣት ጋር አንድ ረድፍ ውስጥ መጻፍ ኩላሊቱን ማጥፋት ነው። ገጹ ላይ «ክሳት ያለበት፦ ከፋርማሲስት ጋር ተማከሩ» የሚል መስመር መኖር አለበት።

ስለ ፓምፕ የተባለው ብዙ አያከራክርም። ሜሮፔኔምን በ3 ሰዓት ለማስገባት 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ በጥብጦ፣ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ ገመድ (ፈሳሹ ወደ ደም ሥር የሚወርድበት ቱቦ) በደቂቃ 11 ጠብታ መቁጠር ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ግን በ30 ደቂቃ ይግባ። ጥቅሙን ማጋነን አንፈልግም፦ በ2024 ይፋ የሆነው ብሊንግ 3 የተባለ ሙከራ፣ 7,000 ያህል ጽኑ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ባለማቋረጥ ከተሰጣቸው 24.9 በመቶ፣ በየተራ ከተሰጣቸው 26.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ልዩነቱ ለብቻው የሚያስተማምን አልነበረም። ስለዚህ ከሙሉ ዶዝና ከሰዓት አከባበር በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ገመዱ ነው። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን በገመዱ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ይቀራል። በ100 ሚሊ ሊትር ለተበጠበጠ መድኃኒት ገመዱን ነቅሎ መጣል ከስድስት ወይም ከአምስት አንዱን እጅ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው። በሳላይን ይጠብ። ቫንኮማይሲን 1 ግራም ቢያንስ በ200 ሚሊ ሊትር፣ ቢያንስ በ60 ደቂቃ፣ በደቂቃ ከ67 ጠብታ ሳይበልጥ ይግባ፤ ሲፈጥን ፊትና አንገት ቀልቶ ያሳክካል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ከዚያ «አለርጂ አለበት» ተብሎ መድኃኒቱ ለዘለቄታው ይከለከላል። ሴፍትሪያክሶን ሪንገር ላክቴት ከተባለው የደም ሥር ፈሳሽ ጋር አይበጥበጥ፣ በአንድ ገመድም አብሮ አይሂድ።

«ረጅም ሕክምና መላመድን ይከላከላል» የሚለው ለዘመናት የተነገረ ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አንወቅስም። እውነቱ ተቃራኒው ነው። መድኃኒቱ በቆየ ቁጥር በአንጀትና በቆዳ ላይ ያሉት ተሕዋስያን ሁሉ ይጋለጣሉ፤ የተላመዱት ተርፈው ይራባሉ። ባላንስ የተባለው ከ3,600 በላይ ታካሚዎች የተካተቱበት ሙከራ በ2024 እንዳሳየው፣ በደም ውስጥ ለተገኘ ኢንፌክሽን 7 ቀን ማከም ከ14 ቀን አያንስም፤ በ90 ቀን የሞቱት 14.5 እና 16.1 በመቶ ነበሩ። በዚህ ሙከራ ስታፍ ኦሬየስ አልተካተተም፤ እሱ በደም ውስጥ ከተገኘ ቢያንስ 14 ቀን ይፈልጋል። በሆድ ውስጥ ላለ ኢንፌክሽን መግሉ በቀዶ ጥገና በሚገባ ከወጣ 4 ቀን ያህል እንደሚበቃ በ2015 ታይቷል። ከማኅበረሰብ የመጣ የሳንባ ምች ታካሚው ከተሻለው 5 ቀን ይበቃዋል። ቤተሰቡ በአጨዳ ወቅት አንድ አስታማሚ ለሌላ ሳምንት ሆስፒታል ሲያስቀምጥ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ በደም ሥር የገባው ካኑላም በየቀኑ አዲስ የኢንፌክሽን በር ነው። ከሁሉ የከፋው ጽሑፉ የሚመክረው ጥምረት ነው፦ ትንሽ መጠን ለረጅም ጊዜ።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነገር ሰዓት ነው። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሪፈር የተባለ ታካሚ፣ ወይም ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ የተላከ፣ ወረቀቱ ላይ «ሴፍትሪያክሶንና ጀንታማይሲን ተጀምሯል» ብቻ ተጽፎ ይደርሳል። ስንት ሚሊ ግራም? በስንት ሰዓት? ተቀባዩ ሐኪም ወይ ይደግመዋል ወይ እስከ ነገ ይተወዋል። «4 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍም የእኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጁ አይታወቅም፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ካርድ በአንዱ፣ የሐኪሙ ትዕዛዝ በሌላው ሲጻፍ በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት መላ ያጣል። መመሪያው አንዱን መርጦ «ጠዋት 4፡00» ወይም «ሌሊት 10፡00» እያለ እንዲጻፍ ይዘዝ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊ ግራሙ፣ የመጨረሻው ዶዝ ቀንና ሰዓት፣ ክብደት፣ የክሬቲኒን ውጤትና የተሠራበት ቀን ይስፈሩ። የመጀመሪያው ዶዝ ደግሞ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይሰጥ እንጂ ለተቀባዩ አይተው፤ የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ የሴፕሲስ ድንጋጤ (የደም ግፊት እጅግ የሚወርድበት ሁኔታ) ላለበት ሰው በ1 ሰዓት ውስጥ ይላል፤ መንገዱ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

ያለፈ ዶዝስ? የሴፍትሪያክሶን፣ የአምፒሲሊንና የሜሮፔኔም እንደታወቀ ወዲያው ይሰጥና ሰዓቱ ከዚያ ይቆጠር። የጀንታማይሲንም እንዲሁ፤ ግን የሚቀጥለው ከዚያ 24 ሰዓት በኋላ እንጂ «ወደ ድሮው ሰዓት ለመመለስ» ተብሎ በ12 ሰዓት አይደገም።

ዶዝ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በመርሳት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ስላለቀ አስታማሚው ወረቀት ይዞ ከተማ ይዞራል፤ የጤና መድኅን ያለውም ቢሆን ከውጭ ሲገዛ መጀመሪያ ከኪሱ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊትም በሚከፈት ቁም ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ ለሚጠበቅ የሴፕሲስ ታካሚ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መድኃኒት ተለይቶ ይቀመጥ፦ ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም 4 ቫያል (ማጅራት ገትር ከሆነ በየ12 ሰዓቱ 2 ግራም ስለሚያስፈልግ)፣ ጀንታማይሲን 5 አምፑል፣ ቫንኮማይሲን ቢያንስ 4 ግራም፣ 100 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ ገመድና ካኑላ። ከሣጥኑ የወጣውን በማግስቱ ጠዋት የሚተካው ፋርማሲው ይሁን፤ አስታማሚው አይደለም።